የውሃ አባቱ ግቢ

አሁን ጎረቤታችን እትዬ ዘይቱና ቤት ሮጬ መግባቴ ነው። የእግሬ ጭቃ ገና አልታጠበም። የጓሯችን የቁልቋል አጥር ዓይኔ እያየ ሄደ። አልወደቀም፣ እንደቆመ ነው መሬቱ ይዞት የወረደው። እናቴን ጠርቼ ስንደርስ ከማድቤቱ ኋላ መሬቱ ተሰንጥቋል፣ ከስንጥቁ ስር ውሃ ሲሄድ ይሰማል። አይታይም፣ ድምፁ ብቻ። ብርድ ልብስና ድስት ይዘን ወጣን። አባቴ ግን አልመጣም፣ ቦዩ ጋ ነው። ስለሱ ካልጻፍኩ ልቤ አልረጋ አለኝ።

አባቴ እንድሪስ ይባላል። ያለነው ከደጋን ከተማ ወጣ ብሎ ኮረብታው ስር ነው። እሱ የመንደሩ የውሃ አባት ነው። የኛ አገር ዝናብ ማሽላ አያደርስም። ኮረብታው ላይ ሲዘንብ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፈን በቦይ ወደ ማሳ እንመራዋለን። ዛሬ የማን ማሳ ይጠጣ፣ ቀጥሎ የማን፣ የሚለው አባቴ ነው። ሰዉ የመረጠው ስለማያዳላ ነው። የገዛ ወንድሙ ተራው ሳይደርስ ቦይ ሲከፍት አግኝቶት ሰው ፊት ከቦዩ አስወጣው፤ አጎቴ እስከ ኢድ ድረስ ቤታችን አልረገጠም።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ስለ አፈር የማውቀው ሁሉ ከሱ ነው። ላይ ኮረብታው ላይ ያለው ቀይ አፈር ስስ ነው፣ ውሃ አይዝም፣ እሱን የሚችለው ክትክታ የሚባለው ቁጥቋጦ ነው። ወደ ወንዙ ወረድ ሲሉ አፈሩ ይወፍራል፣ እርጥበት ያቆያል፣ እዛ አጋምና ወይራ አለ። ታች ጥቁሩ ዋልካ አፈር ላይ ደግሞ ከግራር በቀር ብዙም አይታይም።

«ለምን ግራር ብቻ?» ብዬው ነበር።

«ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ሲሰነጠቅ ሥር ይበጥሳል። ግራር ግን እንደ እናትሽ ነው፣ ግትር።»

እናቴ ሰምታ «አንተስ ክትክታ አይደለህ፣ ድንጋይ ላይ የምታድር!» አለችው። ሲስቅ አስታውሳለሁ።

አንድ ክረምት ጎርፍ ያመጣው ድንጋይ እግሩን ሰብሮት ደሴ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ልንጠይቀው ስንሄድ ስለ እግሩ አላነሳም። «ኮረብታው ላይ ዘንቧል?» ነው ያለው። ሲመለስም ሚኒባሱ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ሲወርድ ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ፣ ይሄኛው ቁጥቋጦ አፈር አለው፣ ያኛው አልቆለታል፣ እያለ መጣ። ከዛ ጀምሮ ያነክሳል።

ጎርፉን የምንጠልፍበት ግድብ ሲሚንቶ አይደለም። ድንጋይ እንደረድርና መሃሉን በክትክታ እንወትፋለን። ጎርፉ ይወስደዋል፣ በደቦ መልሰን እንሠራዋለን። ድሮ ቅርንጫፉን ብቻ ነበር የሚቆርጡት፣ ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። በኋላ ዝናቡ ተበላሸ። ሲጠፋ ይጠፋል፣ ሲመጣ ባንዴ ይደፋዋል። ግድቡ እየፈረሰ አስቸገረ። ያኔ አባቴ ነው «ከነሥሩ እንንቀለው፣ ሥሩ ድንጋዩን ጨምድዶ ይይዛል» ያለው። እውነትም ያዘ። ሰዉ ሁሉ መረቀው።

ክትክታው ሲያልቅ ቀዩ አፈር ተከትሎ ወረደ። አሁን ኮረብታው አግጥጦ ድንጋይ ሆኗል፣ ችግኝ ቢተክሉበት እንኳ የሚይዝለት አፈር የለም። ዝናቡን አዘግይቶ የሚያወርደው ነገር ጠፋ። ድሮ ጎርፉ ለም ደለል ያመጣልን ነበር፣ ዘንድሮ ድንጋይ ነው የሚያመጣው። ለግድቡ ብለን የነቀልነው ነው ለጎርፉ ጉልበት የሰጠው። አባቴ ያውቀዋል። ማንም አልወቀሰውም፣ እሱ ግን ወደ ኮረብታው ማየት ትቷል።

ዛሬ ቀትር፣ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ እኛ ጋ ሳይዘንብ የጎርፉ ድምፅ መጣ። ጎርፉ ቦዩን ሞላና ልክ በኛ ጓሮ በኩል ሰብሮ ወጣ። በጋ የተሰነጠቀው የጓሯችን ዋልካ ገና አልተገጣጠመም ነበር፣ ውሃው እዛ ስንጥቅ ውስጥ ገባ። አባቴና ጎረቤታችን ሙንዚር ሰብሮ የወጣበትን ለመድፈን ገቡ።

«ክትክታ አምጡ!» ይላል አባቴ።

«ከየት?» አለ ሙንዚር።

ሙንዚር ጭድም ጆንያም እየወረወረ እንደምንም ያዙት። ጎርፉ ሲያልፍ ሙንዚር ጭቃ በጭቃ ሆኖ «ጋሽ እንድሪስ፣ ልጅዎ ጎርፉ ናፍቀውት ቤት ድረስ መጣኮ!» አለ። ሰው ትንሽ ሳቀ። ከዛ አጥሩ ሄደ፣ የሳቀ ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ቦዩን ከላይ ይዝጉት» አለ ሙንዚር፣ አሁን ሳይቀልድ። «ጎርፉ በወንዙ ይሂድ። አንዴ ደግሞ እዚህ ከመጣ ቤትዎን ይዞት ይሄዳል።»

ቦዩ በሌላ በኩል አይዞርም፣ ወዲያ ድንጋይ ነው። ከተዘጋ ደግሞ ከኛ በታች ያለ ማሳ ሁሉ አይጠጣም። ቀጣዩ ተራ የእትዬ ዘይቱና ነው። ባሏ የሞተባት ናት፣ ማሽላዋ ሊያዘረዝር ደርሷል፣ ዘንድሮ አንዴም አልጠጣላትም።

«ዝጋው እንድሪስ» አለች እሷው። «አፌን ታውቀዋለህ፣ ከከፋኝ አልደብቅም። ቤትህ ፈርሶ የምበላው ማሽላ ያንቀኛል።»

«ተራው ያንቺ ነው።»

«ትቼልሃለሁ አልኩህ!»

«ለኔ ቤት ከዘጋሁ፣ ነገ ሁሉም የየራሱን ችግር ይዞ ይመጣል። ምን እለዋለሁ?»

እናቴ ድስቱን እንደያዘች ቆማ ነበር። «የኔስ ተራ መቼ ነው?» አለችው።

እሱ ጎንበስ ብሎ ከቦዩ ድንጋይ ማውጣት ያዘ።

ወንድሜ ሀፊዝ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የሚሠራው። ደወልኩለት። «አቦ አሁኑኑ ይዘሻቸው ነይ፣ ጠባብ ቢሆንም እኔ ጋ ታድራላችሁ» አለ። ስልኩን ለአባቴ ሰጠሁት። «አብሽር፣ አይዞህ ልጄ» ብሎት ስልኩን መለሰልኝ።

እናቴን ይዤ ልወጣ ስል ጠራኝ። ቦዩ አፍ ላይ፣ ጎርፉ በሚገባበት፣ ቁጭ ብሏል፣ የታመመ እግሩን ዘርግቶ።

«ሱሀይላ፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

አባቴ እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። እሱ ነው የሚናገረው፣ ሌላው ነው የሚጠይቀው። ዝጋው ልለው ፈልጌ የእትዬ ዘይቱናን ማሽላ አየሁ። ክፈተው እንዳልል እናቴ ታየችኝ። ፈራሁ፣ ሳልመልስለት ሮጥኩ።

ኮረብታው ላይ ደመናው ጠቁሯል። እናቴ እዚህ በሩ ላይ ቆማ ታያለች፣ እትዬ ዘይቱና ከጎኗ ናት። አባቴ አሁንም ቦዩ አፍ ላይ ነው። ጎርፉ ሲመጣ ይከፍተው ይሆን ይዘጋው፣ አላውቅም። እሱም ራሱ የሚያውቅ አይመስለኝም።