ክኒኑ የማይነካው ናፍቆት

ማክሰኞ። ጠዋት አሥራ አንድ ጆንያ ማሾ ገባልኝ። አሥራ ሁለተኛውን ሚዛን ላይ እያወጣሁ ስልኬ ጮኸ፤ «ሲስተር ዓለሚቱ ዐረፉ» አሉኝ። ሌላ ዓለሚቱ መስሎኝ ደግሜ ጠየቅሁ።

ለማታውቋቸው፣ በደርግ መጨረሻ ዓመታት ሸዋ ሮቢት ጤና ጣቢያ ተመድበው የመጡ ነርስ ነበሩ።

ያኔ ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ድምፁ ጠፍቷል። እናቴ ከደጃፍ አትነቃነቅም፤ ድንገት ቢመጣ ቤቱን ዝግ እንዳያገኘው። እኔም እሷን ጥዬ ማጀቴ ከተማ ገበያ እንኳ መውጣት አቃተኝ። ሁለታችንም ታሰርን።

ሲስተር ቤት ድረስ መጥተው ደም ግፊቷን ሲለኩት አስደነገጠ። ክኒን ታዘዘላት፤ አልውጥም አለች።

«ይሄ የልጄ ናፍቆት ነው። ሰይድ ሲመጣ በራሱ ይወርዳል። ሳይመጣ ከወረደማ ረሳሁት ማለት ነው።»

ሲስተር አልተቆጡም። አጠገቧ ቁጭ አሉ።

«እትዬ ዘይነባ፣ የደም ሥር ግድግዳ ጡንቻ አለው። ጡንቻው የተሠራው ከትንንሽ ሕዋሳት ነው፤ ሕዋሱ ደግሞ በር አለው። በዚያ በር ካልሲየም ሲገባ ጡንቻው ይኮማተራል፣ ሥሩ ይጠባል፣ ግፊቱ ይጨምራል። ክኒኑ የሚሠራው እዚያ በር ላይ ነው።»

«ታዲያ ለምን ጥርቅም አያደርገውም?»

«ልብዎም የሚመታው በካልሲየም ነው። ገርበብ እናድርገው።»

ግፊት ያለበትን ሰው ሁሉ «ገርበብ እናድርገው» ይሉት ነበር።

«ወተትም ካልሲየም አለው ይላሉ። የግመሉን ወተት ልተው?»

«ወተቱ ምን አጠፋ? ይጠጡ። ጨው ነው የሚቀንሱት።»

እናቴ ክኒኑን በመዳፏ ያዘች። «ናፍቆቱንስ?»

«እሱን ክኒኑ አይነካውም።»

ያን ጊዜ ዋጠችው።

ሰይድ አልመጣም። እናቴ ግን አርጅታም አለች፤ በየጠዋቱ ክኒኗን ውጣ ደጃፉ ላይ ትቀመጣለች። ሲስተር ዕድሜ ሰጧት፣ እሷም በመጠበቅ ጨረሰችው። ትርፍ ይሁን ኪሳራ፣ ነጋዴ ሆኜም ማስላት አልቻልሁም።

ሲስተር፣ መሞትዎን ለእናቴ ገና አልነገርኋትም። ማታ ግፊቷን አስለክቼ እነግራታለሁ። ከእኛ ቤት ሲወጡ አንድም ቀን አልሸኘሁዎትም፤ ከደጃፍ ማለፍ ከብዶኝ ነበር። አሁን እሸኝዎታለሁ። እርስዎ እንኳ ማንንም ሳይጠብቁ ይረፉ።

ነገ በማለዳው መኪና ለቀብር ደብረ ሲና እወጣለሁ። እስክመለስ ከእናቴ ጋር የሚቀመጥ ሰው መፈለግ አለብኝ።