በፊት ለፊቱ በር

ተሻለችና ሀሊሜ በአሰላው ትልቅ ሆቴል ሲያጥቡ አረጁ እንጂ አንድም ቀን በፊት ለፊቱ በር ገብተው አያውቁም። መግቢያቸው በጓሮ ነው። አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ ያጥባሉ፤ ከጭላሎ የሚወርደው ነፋስ ሲያደርቅላቸው ከወዲህና ከወዲያ ጫፉን ይዘው፣ ወጥረው ያጥፋሉ። አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም።

«ያዥው እንጂ! ቁርስሽን ለማን ሰጠሽው?» ትላለች ሀሊሜ እየጎተተች።

«አንቺ ኮርማ! ትከሻዬን ነቀልሽው እኮ!»

ሆቴሉ የጥንት ነው። ድሮ ሹማምንቱና የኢተያ እህል ነጋዴዎች ያድሩበት ነበር። በደርግ ጊዜ የስብሰባ ቤት ሆነ፤ ኋላም ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ፣ ሰውም ረሳው። የባለቤቱ ልጅ እንደሻው ሊያድሰው በዘጋው ዕለት፣ ሁለቱ ሴቶች ነጩን የጠረጴዛ ልብስ ሁሉ አጥፈው ቁምሳጥን ውስጥ ከተቱት። ሀሊሜ ልቧ እየደከማት፣ እያረፈች ነበር ያጠፈችው።

«ሲከፈት እንደ ሙሽራ በፊት ለፊቱ በር ገብተን ክሬም ኬክ እንበላለን» አለች።

«ጋባዧ እኔ ነኝ፤ ቃሌ ነው» አለቻት ተሻለች።

ሆቴሉ ተከፈተ። የእንጨቱ ደረጃ እንደ መስታወት ያበራል፤ ከጢቾና ከዲክሲስ ሳይቀር ሙሽሮች ፎቶ ሊነሱበት ይመጣሉ። የተከፈተው ግን ረመዳንና ዐቢይ ጾም አብረው በገቡበት ሰሞን ነበር። ረመዳን ቀድሞ ሲፈታ ተሻለች ሀሊሜ ቤት ሄደች።

«ተነሽ እንሂድ። አንቺ ኬክሽን ብይ፣ እኔ ሻይ እጠጣለሁ።»

«ወላሂ አልሄድም! አንቺ ምራቅሽን እየዋጥሽ? ያንቺም ጾም ይፈታና አብረን እንበላለን። ኬኩ የት ይሄዳል?»

ተሻለች የሀሊሜን እግር እብጠት አይታለች፤ የልቧ ሕመም እንደባሰባት ገብቷታል። ጎትቼ ልውሰዳት ብላ አሰበች። ግን ጾሜን ያከበረችልኝን ሴት እንዴት አስገድዳለሁ ብላ ተወችው።

በሕማማት ሳምንት ሀሊሜ ሞተች፤ በዚያው ቀን ተቀበረች። ለቅሶ ቤት ልጇ ናኢማ ተሻለችን አቅፋ፣ «ለፋሲካ ማግስት ብላ ቀሚሷን ተኩሳ ሰቅላው ነበር» አለቻት።

የፋሲካ ማግስት ተሻለች ብቻዋን በፊት ለፊቱ በር ገባች። ዘበኛው እንደ እንግዳ እጅ ነሳት፤ እንደሻው ራሱ ወንበር ስቦ አስቀመጣት። ኬኩ መጣ። ሹካዋን ስታነሳ ዐይኗ የጠረጴዛው ልብስ ላይ ዐረፈ። ገና ከቁምሳጥኑ መውጣቱ ነው፤ የእጥፉ መስመር አልጠፋም። ሆቴሉ በተዘጋ ዕለት ሲያጥፉት የወዲያኛውን ጫፍ የያዘችው ሀሊሜ ነበረች።

«ምነው እማማ፣ አይበሉም እንዴ?» አላት እንደሻው።

«እበላለሁ ልጄ፤ ቆይ።»

ክሬሙ ጨርቁን እንዳይነካው ሳህኑን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች፤ ከዚያ ቀስ ብላ መብላት ጀመረች።