ምስሉ ሞጣ ይወጣል

በሟርት አላምንም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ታሪኩን የሰማ ሁሉ ከንፈሩን እየመጠጠ «ምልክቱማ ቀድሞ ታይቶ ነበር» ሲለኝ ስለሚያንገበግበኝ ነው። ባሌን የወሰደው ጠመንጃ ያነሳ ሰው እንጂ ፊልም አይደለም። ይህን ለሰው ደጋግሜ እናገራለሁ፤ ለራሴም እናገራለሁ።

ቢቸና የመጣሁት አስተማሪ ሆኜ ተመድቤ፣ ከደሴ ነው። እሱ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነበር፤ አገሬው ግን «ሐኪሙ» ነበር የሚለው። ተወልዶ ያደገው ከግንደወይን ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ድምፁ መልካም ነበር። መርፌ ሲወጋ እንኳ ስለሚያንጎራጉር ሕፃናቱ ማልቀሳቸውን ረስተው አፍ አፉን ያዩት ነበር። በተጋባን በዓመቱ የትምህርት ቤታችን መምህራን ለወላጆች ቀን ዘፈን ያለበት ቴአትር እናሳይ ሲሉ፣ ዘፋኙ እሱ እንደሚሆን ማንም አልተጠራጠረም።

ከእኛ ጋር አንድ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ፈረንጅ ነበር፤ ትንሽ የፊልም ካሜራና ማሳያውም ነበረው። ሐሳቡን ያፈለቁት እሱና ባሌ ናቸው። ሐሳቡን እስካሁን እወደዋለሁ። አንድ ሰው ሀብት ፍለጋ ከአገሩ ይሰደዳል። የሚሰደደው ሰውዬ በፊልም ነው የሚታየው፤ በቅሎ ላይ ተቀምጦ ቁልቁለት ሲወርድ፣ ገበያ መካከል ሲባዝን፣ ግድግዳ ጥግ ተጠቅልሎ ሲተኛ። መድረኩ ላይ የቆመው ደግሞ አገሩ የቀረው ልቡ ነው። ሁለቱም ባሌ ናቸው። ፊልሙ ድምፅ ስለሌለው የሁለቱንም ዘፈን መድረክ ላይ ያለው ይዘፍነዋል፤ ልቡ ይጠይቃል፣ ስደተኛው ይመልሳል። መጨረሻ ላይ ባሌ ቀደም ብሎ ፊልሙ ከሚታይበት አቡጀዲ ኋላ ይደበቃል። በፊልም ያለው ሰውዬ ወደ እኛ እየቀረበ፣ እየገዘፈ ይመጣል፤ ፊቱ አቡጀዲውን ይሞላዋል፤ ከዚያ ሁሉም ነጭ ብርሃን ይሆናል። በዚያችው ቅጽበት ባሌ ጨርቁን ገልጦ፣ የበቅሎዋን ልጓም በእጁ እንደያዘ ብቅ ይላል። ሰውዬውና ልቡ ተገናኙ ማለት ነው።

ቢቸና ላይ ስናሳይ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ጀነሬተሩን ያዋሱን በየገጠሩ እየዞሩ ስለ ትንኝ ፊልም የሚያሳዩት የወባ ሠራተኞች ነበሩ። ባሌ ከራሱ ምስል ጎን ቆሞ መዝፈን ሲጀምር ሰዉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ። በቅሎዋ ቁልቁለቱ ላይ ስትንሸራተት አንድ ሽማግሌ ከወንበራቸው ተነስተው «ኧረ ልጓሟን ሳብ አድርጋት!» ብለው ጮኹ። ተማሪዎች ሾልከው ከጨርቁ ኋላ በቅሎ ፍለጋ ሄዱ። ከፊት የተቀመጡት ዳኛ «ይሄ ሲኒማ ነው ወይስ ቴአትር? አንዱን ምረጡ እንጂ!» ብለው አጉረመረሙ፤ ግን እስከ መጨረሻው ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም። አጠገቤ የነበሩ ባልቴት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ለመሆኑ ልጄ፣ ራት የምታቀርቢው ለየትኛው ነው?» አሉኝ። በዙሪያችን ያሉት ሴቶች ሁሉ ሳቁ፤ እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ባሌ አቡጀዲውን ገልጦ ሲወጣማ አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንት መሳቂያ ሆነን ሰነበትን። ጤና ጣቢያ የመጣ በሽተኛ ሁሉ «ያኛውን ጥራልኝ፣ የአንተ እጅ ይከብዳል» ይለዋል። እሱም «ያኛው በቅሎ ላይ ነው፣ ቶሎ አይደርስልህም» እያለ ይወጋዋል። ደስ የሚል ጊዜ ነበር። በዚያ ዕለት ማታ ያልሳቁት አንድ የቅኔ መምህር ብቻ ናቸው፤ ሲወጡ የባሌን ትከሻ ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ጥሩ ነው። ብዙ ግን አትድገመው» አሉት። እሱ እጃቸውን ሳመና ሳቀ።

የሞጣ ትምህርት ቤት ሲጋብዘን አገሩ ተለውጦ ነበር። መሬት ሊለካ ነው፣ ግብር ሊጨመር ነው የሚል ወሬ ከአፍ አፍ ይዞራል። ገበያ ላይ ሰው የእህል ዋጋ ሳይሆን የጥይት ዋጋ መጠያየቅ ጀመረ። ወንዶቹ አንድ ላይ ቆመው ሲያወሩ እኔ ሳልፍ ዝም ይላሉ። ሞጣ ስንደርስ ከመሸ ደጅ የሚወጣ ሰው እንደሌለ ነገሩን። ስለዚህ በቀን ይታይ ተባለና የአዳራሹን መስኮቶች በብርድ ልብስ ሸፈንናቸው።

አማቴ ልጃቸውን መድረክ ላይ አይተውት አያውቁም ነበር። ከቢቸና ከመነሳታችን በፊት ወደ ግንደወይን የሚሄድ የጭነት መኪና ሾፌር አገኘሁና መልእክት ላክሁባቸው። «ልጅዎ በፊልም ስለሚታይ ሞጣ መጥተው ይዩት በልልኝ» አልሁት። ሾፌሩ ደግ ሰው ነው። እኒህ የገጠር እናት ፊልም ምን እንደሆነ ከየት ያውቃሉ ብሎ አሰበና ቃሉን አቀለለላቸው። «የልጅዎ ምስል ሞጣ ይወጣል፤ ይድረሱ» አላቸው።

እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ምስል ሲባል የሚታየኝ ሥዕል ወይም ፎቶግራፍ ነው። በዚያ አገር ግን ምስል የሚወጣው ለሞተ ሰው ነው። ሰው ርቆ ሄዶ ሲሞትና አስከሬኑ ሳይመጣ ሲቀር በልብሱ ምስሉን ይሠሩለታል፤ ሜዳ አውጥተውም ያለቅሱለታል። ይህን ያኔ አላውቅም ነበር።

ቴአትሩ በሚታይበት ቀን ጠዋት ሦስት የታጠቁ ሰዎች ባሌን ፈልገው ወደ አረፍንበት ቤት መጡ። ከከተማው ወጣ ብሎ ቁስለኛ አለ አሉ። ማን እንዳቆሰለው አልተናገሩም፤ ባሌም አልጠየቀም። የመድኃኒት ሣጥኑን አነሳ።

«ቴአትሩስ?» አልሁት።

«ከመጀመሩ በፊት እመለሳለሁ» አለኝ።

አልደረሰም። የተጋበዙት ሹማምንት ወንበራቸው ላይ መቁነጥነጥ ጀመሩ። አንድ የፖሊስ መኮንን ወደ እኔ መጥቶ «ሐኪሙ የት ሄዶ ነው?» አለኝ። እውነቱን ብናገር ቁስለኛው ማነው ተብሎ ሊጠየቅ ነው። «ልብስ እየቀየረ ነው» አልሁት። ከዚህ በኋላ መጀመር ግድ ሆነ። ዘፈኖቹን የሚያውቅ አንድ የሒሳብ አስተማሪ ከአቡጀዲው ኋላ ተደብቆ እንዲዘፍን አደረግን። ለመጨረሻዋ ትዕይንት ባሌ ይደርሳል ብለን ነበር።

የሞጣ ሰው እንደ ቢቸና ሰው አልሳቀም። በጨለማው ውስጥ ዝም ብሎ ያያል። መድረኩ ባዶ ነው፤ ድምፅ ብቻ ከጨርቅ ኋላ ይመጣል። ሰውዬው በበቅሎ ቁልቁለቱን ሲወርድ አንድ ሰው በዝግታ «ወዴት ነው የሚሄደው?» ሲል ሰማሁ። ፈረንጁ ፊልሙን ያዞራል፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ በሩን በሩን አያለሁ።

አማቴ የደረሱት ያኔ ነው። ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ዘመዶቻቸውን አስከትለው መጡ። አንደኛው ዘመድ የባሌን አባት ጠመንጃ አፈሙዙን ወደ መሬት ዘቅዝቆ ይዟል። በር ላይ የቆመውን ዘበኛ «ምስሉ የሚወጣው የት ነው?» ብለው ጠየቁት። ይህን የነገረኝ በኋላ ራሱ ዘበኛው ነው። «ውስጥ ነው እናቴ፤ ቶሎ ይግቡ፣ ተጀምሯል» አላቸው።

በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። ፊልሙ መጨረሻው ላይ ደርሶ ነበር፤ ልጃቸው ወደ እሳቸው እየመጣ ነው። ቀረበ፣ ገዘፈ፣ ፊቱ ጨርቁን ሞላው፤ ከዚያ ነጭ ሆነ። ጨርቁን ገልጦ የወጣ ሰው አልነበረም። የማሳያው መንቀጫቀጭ ብቻ ይሰማ ነበር።

«ልጄን!» ብለው አማቴ ደረታቸውን መቱ። ዘመዶቻቸው ልቅሶውን ተቀበሏቸው። ከፊት የተቀመጡት ሹማምንት የቴአትሩ ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡ፤ «ጉድ ናቸው እኚህ ሴት!» ያለም ነበር። ከኋላ ያለው ሰው ግን ልቅሶ ከቴአትር ይለያል። አንድ በአንድ እየተነሳ ነጠላውን አዘቅዝቆ ማልቀስ ጀመረ። አንዱ ወገን ያጨበጭባል፣ ሌላው ያለቅሳል። እንዲያ ያለ ድምፅ በሕይወቴ ሌላ ቦታ አልሰማሁም፤ መስማትም አልፈልግም።

በሰው መካከል ተጋፍቼ ሄጄ አቀፍኋቸው። «እማማ፣ ኧረ አልሞተም! ታማሚ ሊያይ ሄዶ ነው፤ አሁን ይመጣል!»

«እንዲህ ነው የሚባለው» አሉ።

እውነታቸውን ነው። መርዶ በአገራችን ወዲያው አይነገርም፤ ታሟል፣ ሩቅ ሄዷል፣ ይመጣል እየተባለ ይቆያል። እኔም እውነቱን በማልሁ ቁጥር መርዶ የምደብቅ እየመሰልሁ ሄድሁ።

«ድምፁ እንኳ የእሱ አልነበረም» አሉኝ። «ዓይኔ እያየ እኮ ነው የነጣው ልጄ።»

ባሌ የመጣው ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ነው። ልቅሶው ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ወጥቶ ነበር። ካፖርቱ ላይ የቁስለኛው ደም አለበት። ከዳር የቆመን አንድ ሰው «ማን ሞቶ ነው?» ብሎ ቢጠይቀው ሰውዬው አማትቦ ሸሸ። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀለት። እልል ያለ አልነበረም። አማቴም ወደ እሱ አልሮጡም። መጀመሪያ ያዩት ደሙን ነው። ከዚያ እጁን ይዘው ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ።

«እምዬ፣ ይኸው አለሁ እኮ» አላቸው። የተላጨ ራሳቸውን ሲያይ ግን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈነላቸው።

«ምስልህ ወጥቷል፤ ተለቅሶለታል» አሉት። «ሳይቀበር ከቀረ አንተን መፈለጉ አይቀርም። ቅበሩልኝ።»

እኔ ተቆጣሁ። ደብረ ማርቆስ ላይም ልናሳይ ነበር፤ ከዚያ አዲስ አበባ የሚጠራው ቢያገኝ ብዬ ተስፋ አደርግ ነበር። ያ ፊልም ባሌን እንዲያ መጥተው ከሚጠሩት ታጣቂዎች የማርቅበት መንገዴ ነበር። እሱን አፈር አልብሱት ይሉኛል! ፈረንጁ አንድ ፊልም ብቻ ነው ያለው፤ ሌላ ቅጂ የለውም። ባሌ ሲያሰላስል ሰነበተና አንድ ቀን «ስለ ተላጨችው ፀጉሯ ለእናቴ የምመልስላት ሌላ ነገር የለኝም» አለኝ። ፈረንጁም ነገሩ ባይገባውም ፊልሙን ከነቆርቆሮ ሣጥኑ ሰጠው።

የአጥቢያው ቄስ ነፍስ የሌለው ነገር በቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ አይቀበርም አሉ። ስለዚህ የአማቴ ጓሮ፣ አንድ ግራዋ ሥር ተቀበረ። የቆፈረው ባሌ ራሱ ነው። አፈሩን እየመለሰ ያንን የልቡን ዘፈን ሲያንጎራጉር ሰማሁና «ዝም በል!» ብዬ ጮህሁበት። አማቴ ቀና ብለው አዩኝ። እኔና እሳቸው በአንድ ነገር የተስማማነው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

ዓመት ሳይሞላ ተኩስ ተጀመረ። ያኔ እሱ ወደ ሞጣ ጤና ጣቢያ ተዛውሮ እዚያ ነበርን። አንድ ጠዋት እንደዚያኛው ቀን ሰዎች መጥተው ጠሩት። «እመለሳለሁ» አለኝ። አብረውት በዚያ መንገድ ከሄዱት ጎረምሶች ውስጥም አንድም የተመለሰ የለም። ጥይት ነው አሉኝ፣ ገደል ነው አሉኝ፣ ወንዝ ነው አሉኝ። አስከሬን ያየ ግን አልነበረም።

ልቅሶው ግንደወይን፣ በእናቱ አገር ሆነ። ምስል ይውጣለት ሲባል ልብሱን አመጣሁ፤ ፊቱ ግን አልነበረኝም። የሠርጋችን ዕለት ፎቶ አንሺ አልነበረም፤ የመታወቂያው ፎቶ በኪሱ እንዳለ አብሮት ሄዷል። ቆርቆሮው ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ያ ፊት ጨርቅ ሙሉ ሆኖ ወደ እኔ ሲመጣ ታየኝ። አፈር በልቶት ይሆናል ብዬ አላሰብሁም። ዶማ አንስቼ ወደ ጓሮ ሄድሁ።

አማቴ ግራዋው ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። በዚህኛው ልቅሶ ፀጉራቸውን አልተላጩም።

«ይነሱልኝ እማማ» አልኋቸው። «አንድ ጊዜ ብቻ ልየው።»

ዶማውን አዩት። አልተቆጡም።

«እሱ ብቻውን አልሄደም» አሉኝ። «አብረውት የሄዱት ልጆች እናቶች ትናንት መጥተው ነበር። የሚያለቅሱበት መቃብር ቢያጡ እዚህ ተቀምጠው አለቀሱ። ካወጣሽው የት ይሂዱ?»

ዶማውን አስቀመጥሁና አጠገባቸው ተቀመጥሁ።