የሚካኤል ዕለት የቆፈርኩት መደብ

የተማርኩበት የግብርና ኮሌጅ የሚያስተምረው በነፃ ነበር። የመንደራችን ሰዎች ይህን ሲሰሙ «በነፃ የሚሰጥ ትምህርት ምን ይረባል?» እያሉ አባቴን ያሾፉባቸው ነበር። አባቴ ግን እኔን ሴት ልጃቸውን ሰደዱኝ። ቤታችን ከጅጋ በላይ ያለ ገጠር ነው። እኔ ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይቼ ሰብል ልማት ስማር፣ እናቴ በየገበያው ቀን ድርቆሽና ሽሮ ቋጥራ ትልክልኝ ነበር። የምኖረው ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ሲሆን የምንበላውም ከአንድ ድስት ነው።

ምኞቴ አንድ ነበር። የብቃት ምዘናውን አልፌ፣ አባቴ እያዩኝ ማሳቸው ላይ ባለሙያ ሆኜ መቆምና በርበሬያቸውን በየዓመቱ ከሚያደርቀው በሽታ ማዳን።

ምዘናው ሐምሌ ላይ፣ የሚካኤል ዕለት ዋለ። በእኛ አገር በዚያ ቀን መሬት አይቆፈርም፤ የቆፈረ ሰው በመንደሩ ላይ በረዶ ያወርዳል ይባላል። ከሌላ ቦታ የመጡት መዛኞች ይህን አላወቁም፣ ወይም ግድ አልሰጣቸውም። መቆፈሪያ አድለው የችግኝ መደብ አውጡ አሉን።

የጎረቤታችን ልጅ መቆፈሪያውን አስቀመጠች። «ዛሬስ አልቆፍርም። ነገ ካላችሁኝ ጎህ ሳይቀድ እመጣለሁ» አለች።

መዛኙ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። «ነገ ቡሬ ነን» አለና ወደ እኔ ዞረ። የእሷ የሁለት ዓመት ድርቆሽ እዚያው ገደል ገባ። እኔ ቆፈርኩ። መደቤ ቀጥ ያለ ነበር፣ አፈሩም ልሞ ነበር። አለፍኩ። ዛሬም አልጸጸትም።

ደስታዬን ይዤ አገር ቤት ስገባ የአባቴ በርበሬ ከጭቃው ጋር ተለውሶ አገኘሁት። በረዶ መንደሩን ሁሉ መትቶታል። የጎረቤታችን ልጅ ቀድማኝ ገብታ ነበር። ለምን እንደወደቀች ሲጠይቋት እውነቱን ተናገረች፤ እውነቱ ውስጥ ደግሞ እኔ አለሁበት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተቀምጠው አስጠሩኝ። አባቴ አጠገብ ቆምኩ። በረዶው መቼ እንደወረደ ጠየቅኋቸው። በዋዜማው ነው አሉኝ። ነፍሴ መለስ አለች።

«አባቶቼ፣ እኔ የቆፈርኩት እኮ በማግሥቱ ነው። በረዶው ቀድሞኛል» አልኩ።

 አንደኛው ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «ልቧ ቀድሞ ቆፍሯል» አሉ።

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዳንዶቹም ፈገግ ሲሉ አየሁ። በእኛ አገር እንዲህ ያለች ንግግር ትወደዳለች። ከማሳው ሁሉ የተረፈቻቸው ያቺ ንግግር ነበረች፣ አጣጣሟት።

ከእንግዲህ የመንደሩን ማሳ እንዳልረግጥ ፈረዱ። ብረግጥ ቤተሰቤ ከእድር ይወጣል፣ እሳትና ውሃም ይከለከላል። አባቴ «ይሁን» አሉ። የጎረቤታችንን ልጅ ግን መረቋት። ምዘናውን ደግማ አልሞከረችም፤ ምርቃቷን ይዛ አሁን ጅጋ ገበያ ጨው ትቸረችራለች።

አባቴ እስከ መኪናው መንገድ ሸኙኝ።

«አባዬ፣ እርስዎም እኔ ነኝ ያመጣሁት ይላሉ?»

«በረዶ መቼ ቀርቶ ያውቃል? ያንቺ እንዳልሆነማ አላጣሁትም።»

«ታዲያ ለምን ይሁን አሉ?»

«አዝመራው የጠፋበት ሰው የሚጠላው ይፈልጋል፣ ልጄ። አንቺ ትምህርትሽን ይዘሽ የትም ትኖሪያለሽ። እዚህ የምቀበረው እኔ ነኝ።» ስንቄን አሸከሙኝና ተመለሱ። እንደዚያን ቀን ጠልቻቸው አላውቅም።

አሁን ቆጋ መስኖ ላይ የሰው ሽንኩርትና ድንች እከታተላለሁ። ገበሬዎቹ ያከብሩኛል፣ ሳልፍ ከመቀመጫቸው ይነሳሉ። ባለፈው ክረምት አባቴ ደወሉልኝ። በርበሬው ከሥሩ እየጠወለገ ነበር። ውሃ እንዳይተኛበት ቦይ እንዲያወጡለት፣ የታመመውንም ነቅለው እንዲያቃጥሉ ነገርኳቸው። እያንዳንዷን ነገር እያስደገሙ ሰሙኝ።

«መጥቼ ልየው?» አልኩ።

«አይሆንም። እዚያው ሁኚ።»

ስልኩን የሚዘጉ መስሎኝ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ማን ነገረህ ካሉኝ፣ ከሬዲዮ ሰማሁ እላለሁ» አሉኝ።