ፕላዝማውን የቀደመችው ጫልቱ

የእህቴ ልጅ በስልክ ሒሳብ ያጠናል። ስልኩ ይጠይቃል፤ ልጁ ዝም ይላል፤ ስልኩ «ጎበዝ!» ይለዋል። ሳቄ መጣ፤ አሰላ የተማርኩበት ዘጠነኛ ክፍል ከነእርጥብ ሹራብ ሽታው ፊቴ ድቅን አለ።

ሒሳብ የሚያስተምረን ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፕላዝማ ቴሌቪዥን ነበር። በእንግሊዝኛ እየሮጠ ይጠይቃል፤ እስክሪብቶ ሳናነሳ መልሱን ይናገርና «ቬሪ ጉድ!» ይለናል። አንድም ጥያቄ ሳንመልስ ስንሞገስ ከረምን። ጥግ የሚቆሙትን ሽማግሌ መምህራችንን ጋሽ ታደሰን ግን ይህ ያንገበግባቸው ነበር።

«አንድ ቀን እንኳ ቅደሙትና ልሙት!» ይሉናል።

አንድ ጠዋት ፕላዝማው ጠይቆ ሳይጨርስ ከጎበሳ የመጣችው ጫልቱ ብድግ አለች።

«አርገዴ! አገኘሁት ቲቸር፣ ስድስት ነው!»

«እሱ ሳይናገር? ቁጭ በይ ባክሽ!» አለ ከኋላ አንዱ።

ሁላችንም ፕላዝማው ላይ አፈጠጥን። ፕላዝማው ስድስት ብሎ ጻፈና «ቬሪ ጉድ!» አላት። ክፍሉ በፉጨትና በዴስክ ድብደባ ተናወጠ።

«ቲቸር፣ እንግዲህ መሞትዎ ነው?» አለ ያው ልጅ።

«ምን ሲደረግ! ነገም ትቀድመዋለች!» አሉና ጠመኔውን ሰጧት። «ነይ የኔ ልጅ፣ እንዴት እንዳገኘሽው አሳዪን። ዛሬ እሱ ይጠብቀን!»

ጫልቱ አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀለች ስታስረዳ፣ ፕላዝማው ሰሚ አጥቶ መለፍለፉን ቀጠለ።

ይህን ስነግረው የእህቴ ልጅ ስልኩን አስቀመጠ።

«የዚያን ቀን የቀረው ትምህርትስ?»

«አመለጠን። እስካሁንም አላውቀውም» አልኩት፤ ደስ እያለኝ።