የባሌ አባት ስምና የአንድ ቀን ትራንዚት

ከሆሳዕና ልወጣ ዋዜማ ላይ ቤታችን በሰው ሞልቶ ነበር፤ መዝሙሩ ግን በሹክሹክታ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ወዲህ ፈጣሪን የምናመሰግነው ቀበሌ እንዳይሰማን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር። ከንቱ ድካም ነው፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር ራሱ መጥቶ ከፊት ተቀምጧል። ጸሎቱ እስኪያልቅ በትዕግሥት ጠበቀና፣ "ጓድ አስቴር፣ እዚያ ስትደርሺ ኮት እንዳትረሺኝ፤ ቁመቴን መቼም አይተሽዋል" አለኝ። የመውጫ ፈቃዴ እስኪፈረም ድረስ የስንቱን ባለሥልጣን ቁመት እንዳየሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ፈቃዱ "ለልብስ ስፌት ሥልጠና ወደ ጀርመን" ይላል። ቁልፍ እንኳ ደህና አድርጌ መትከል የማልችል የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። እውነቱን ለመናገር የምሄደው በሱዳን በኩል ሾልኮ ጀርመን ወደ ገባው ባሌ፣ ወደ ጴጥሮስ ነበር።

ቲኬቴ ርካሽ ስለነበር በመንገዴ ላይ አንዲት የባሕረ ሰላጤ ከተማ ሙሉ ቀን ታስጠብቀኛለች። ትራንዚት ይሉታል። አውሮፕላን በሰማይ ሲያልፍ እንጂ ቆሞ ያላየው የሆሳዕና ሰው ሁሉ ትራንዚቴን እንዴት እንደምጠቀምበት ይመክረኝ ጀመር። ባለሱቁ ጋሽ ሸምሱ፣ "ወርቅ እዚያ እንደ ድንች ነው የሚሸጠው፤ ቀኑን በእንቅልፍ እንዳትፈጂው" አሉ። ዳይሬክተራችን የቴፕ ዓይነት መረጠልኝ። ከዱራሜ በጭነት መኪና ላይ ተንገላታ የመጣችው እናቴ ግን አንድ ቋጠሮ ሰጠችኝ፤ በኮባ የተጠቀለለ ቡላና ለጋ ቅቤ። "ታደለችን ሳታያት እንዳታልፊ" አለችኝ። "ከስታ እንደሆነ ከስታለች ብለሽ ጻፊልኝ። አትዋሺኝ።"

ታደለች ታናሽ እህቴ ናት። በጅቡቲ በኩል ወደዚያች ከተማ ተሻግራ በሰው ቤት ትሠራለች፤ ከሄደች ጀምሮ ከደብዳቤ በቀር ማናችንም አላየናትም። ስለዚህ የእኔ ትራንዚት ወርቅም ቴፕም አልነበረም። እህቴን ማቀፍ፣ መክሳት አለመክሳቷን ማየት፣ አታካናዋን፣ ያን በቅቤ የሚሠራ የቡላ ገንፎ፣ ሠርታ እንድትበላ ቡላውን መስጠት፣ በቃ።

የከተማዋን ስም አልጽፍም። ስም አለመጥራት ልማዴ ነው፤ ነገሩም ሁሉ የሚመጣው ከዚሁ ስለሆነ ላስረዳ። በእኛ በከምባታም፣ በተዳርኩበት በሀዲያም፣ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ባሊሻ ይባላል። ስሙን መተው ብቻ አይደለም፤ በስሙ መጀመሪያ ድምፅ የሚጀምረውንም ቃል ትሸሻለች፣ ምትክ ትፈልግለታለች። ክፍሌ ውስጥ የባሌን አባት ስም የያዘ ልጅ ነበረኝ፤ ስም ስጠራ እሱ ጋ ስደርስ "ከመስኮቱ ሥር ያለኸው" እለዋለሁ፣ እሱም "አለሁ" ይላል፣ ማንም አይስቅም። ካድሬው በውይይት ክበብ ይህ ኋላ ቀር ባህል መሆኑን ግማሽ ቀን አስተምሮናል። የካድሬው ሚስት ደግሞ ከጎኔ ተቀምጣ የራሷን አማት ስም ላለመጥራት ስትጠማዘዝ ውላለች።

በእኔ በኩል ግን ነገሩ ባህል ብቻ አልነበረም። ጴጥሮስ ሲጠፋ ልጃቸውን አምጡ ተብለው የታሰሩት አባቱ ናቸው። ደንብ ልብስ የለበሰ ሁሉ እየመጣ ስም ስጡ ሲላቸው፣ ያስጠጉትንም ያሻገሩትንም ሰዎች ስም ሳይሰጡ፣ ጥርሳቸውን አጥተው ወጡ። እኔ እኚህን ሰው አባባ እላለሁ፤ ሌላ ስም ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ትራንዚቴን ልጠቀምበት ከአውሮፕላኑ ወረድኩ። ለሆሳዕና ብርድ የለበስኩት ሹራብ ገላዬ ላይ ተጣበቀ፤ አየሩ ምድጃ ላይ ያጎነበሱ ያህል ፊትን ይለበልባል። ከመስተዋት ግድግዳ ማዶ ሰው ይጠብቃል። ቀኑን በደብዳቤ አሳውቄያት ነበርና ታደለች እዚያ ነበረች። ጥቁር በጥቁር ለብሳለች፣ ፊቷን ግን ከሩቅ አወቅሁት። እጇን አነሳች፣ አነሳሁ። በመካከላችን የቀረ አንድ መኮንን ብቻ ነበር።

መኮንኑ በእንግሊዝኛ ነበር የሚናገረው፤ እኔም የአስተማሪ እንግሊዝኛ አላጣሁም። ፓስፖርቴን ገልብጦ፣ "ባለትዳር ይላል። የባልሽ ስም የታለ?" አለኝ።

"እኛ አገር ሴት በአባቷ ስም ነው የምትጠራው።"

"ታዲያ ባል እንዳለሽ በምን ይታወቃል?"

"እሱ ያውቃል" አልኩት።

አልሳቀም። ሴት ለብቻዋ ወደ ከተማ የምትወጣው የባሏ ስም ከነአባቱ ተመዝግቦ፣ ውጭ ያለ ዘመድ ያንኑ ካረጋገጠ ነው አለ። "የባልሽ ስም?"

"ጴጥሮስ።"

"የአባቱስ?"

በአገራችን እንዲህ ሲያጋጥም ሴት ምትክ ትሰጣለች፣ ሰሚውም ይገባዋል። እኔም ከልማድ የተነሳ "አባባ" አልኩት። ሰውየው እኮ የእኛ የሀዲያ ሰው፣ ከሌሞ አልነበረም፤ አባባ ብሎ ጻፈው። ከዚያ አንድ ወታደር ወደ ታደለች ላከ። እሷ ምራታቸው አይደለችም፣ ምን ገዷት፤ የአባባን ስም ከነአያታቸው አምበለበለችለት። ወታደሩ ተመልሶ ነገረው። መኮንኑ ሁለቱን ስም አስተያየና ሌባ እንደያዘ ሰው ፊቱ በራ።

"ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትዋሻላችሁ።"

"እሷ ያለችው ልክ ነው" አልኩ።

"የባልሽን አባት ስም ከእህትሽ ነው የምትሰሚው?"

"አውቀዋለሁ። ወግ ሆኖብኝ ነው የማልጠራው። አባት ናቸው፣ ለክብራቸው ነው።"

"ስም የሚሰጠው ሊጠራ ነው" አለ።

ልጻፈው አልኩ። "የተጻፈ ማንም ሊሰጥሽ ይችላል። በአፍሽ በይውና ውጪ" ብሎ በሩን አሳየኝ። ከልቡ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ውሃ እንኳ አስመጣልኝ። ከእኔ የፈለገው አንድ ቃል ብቻ ነበር፣ ያውም እውነተኛ ቃል።

ወደ መስተዋቱ ዞርኩ። ታደለች ነገሩ ገብቷታል፤ ስትስቅ አየኋት፣ ከዚያ ሳቁ ተበላሸባትና አፏን በእጇ ያዘች። አትበይ ማለቷ ይሁን፣ ልቅሶዋን ማፈኗ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። አፌን ከፈትኩ። መኮንኑ ብዕሩን አነሳ። ያን የተነሳ ብዕርና ትከሻው ላይ ያለውን ማዕረግ ሳይ፣ አባባ በዚያ ጥርስ በሌለው አፋቸው ዝም ብለው ታዩኝ። አፌን ዘጋሁ።

"እንግዲያው ቁጭ በይ" አለኝ።

ቁጭ አልኩ። ትራንዚቴን በሚገባ ተጠቀምኩበት፤ የመስተዋት ግድግዳ እንዴት እንደሚወለወል ከጧት እስከ ማታ ተማርኩ። ታደለች አሠሪዋ የፈቀደችላት ሰዓት እስኪያልቅ ከማዶ ቆመች። በምልክት አወራን። እናታችንን ጠየቀችኝ፣ ደህና ናት አልኩ። በደብዳቤዋ ወገቤን ያመኛል ትል ስለነበር ጀርባዬን ነካ ነካ አድርጌ አንቺስ አልኳት፣ ጀርባዋን ይዛ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። የእጇ አንጓ አጥንት ወጥቷል። ከስታለች።

መኮንኑ አንድ ቸርነት አደረገ። ቋጠሮዬን ሲያስፈታ ነጩን ቡላ ካሸተተና በጣቱ ነክቶ ካጣጣመ በኋላ አደንዛዥ ዕፅ እንዳልሆነ ማመኑ ፊቱ ላይ ታየ። ቅቤው በሙቀት ቀልጦ ኮባውን አርሶታል። በወታደር አስይዞ ላከላት። እንዲህ ሆኖ ቡላው ያለ ባል፣ ያለ አማት ስም ወደ ከተማ ገባ፤ እኔ ቀረሁ። ታደለች ቋጠሮውን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ጥቁር ልብሷ በቅቤ እየራሰ፣ ወደ ኋላዋ እያየች ሄደች።

ጀርመን ደርሼ የሆነውን ስነግረው ጴጥሮስ ሲስቅ አለቀሰ፤ እኔ ሳለቅስ አልሳቅሁም። ስለ አገሩ ብዙ አላስቸግራችሁም። ዳቦው ድንጋይ ነው፣ ሰማዩ የሐምሌ ሆሳዕና ነው፣ ሰው በደረጃ ላይ ሲያገኝህ ሰላም ይልና በዚያው ለዓመቱ ይሰናበትሃል። ነገር ግን የውጭ ዜጎች ቢሮ ስመዘገብ ያለችው ወይዘሮ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሚስት የባሏን የቤተሰብ ስም ትይዛለች ብላ የአባባን ስም በእኔ ላይ ለጠፈችው። ያን ቀን አንድ ጊዜ እንኳ ባልጠራሁት ስም አሁን አገር ይጠራኛል። ሐኪም ቤት ፍራው እገሊት ይላሉ፣ ወይዘሮ ማለታቸው ነው፣ እነሳለሁ። አከራያችን ፍራው ሽሚት ስልክ ሲመጣልኝ በደረጃው ቁልቁል በዚያ ስም ትጮኻለች።

"ስምሽን ስጠይቅሽ ለምንድነው የፖስታ ሳጥኑን የምታሳይኝ?" አለችኝ አንድ ቀን።

"እዚያ በጥሩ ፊደል ተጽፏል" አልኳት።

"ስምሽን አትወጂውም?"

"በጣም ነው የምወደው" አልኩ። ጀርመንኛዬ ከዚያ በላይ አይሄድም ነበር።

ለእናቴ እውነቱን ጻፍኩላት፤ ከስታለች አልኩ። ለታደለች የጻፍኩት ደብዳቤ ግን ተመለሰ፤ ቀጥሎ የላክሁትም። አሠሪዎቿ ከተማ ለቀዋል፣ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አገር ቤት የምንጠይቀው ሁሉ ወሬ የላትም ይላል። ላቅፋት እችል የነበረው ያን ቀን ብቻ ነበር ማለት ነው። ይህን ሳስብ በራሴ ላይ የማሾፍበት ቃል ያጥረኛል።

ባለፈው ጊዜ አባባን ሆሳዕና ቴሌ አስጠርተን በስልክ አገኘናቸው። ጴጥሮስ አውርቶ ሲጨርስ ለእኔ ሰጠኝ። የታደለች ወሬ ተገኘ ወይ አሉኝ፤ የለም አልኩ። ከዚያ እስከዛሬ በደብዳቤ ያልጻፍኩላቸውን፣ በሩ ላይ ምን እንደተጠየቅሁና ለምን እንደቀረሁ ነገርኳቸው።  በስልኩ ውስጥ የቴሌው ሠራተኛ ሌላ ሰው ሲጣራ ይሰማኛል።

"ልጄ" አሉ በመጨረሻ፣ "ብትጠሪኝ ኖሮ አቤት ከማለት ሌላ እኔ ምን እል ነበር?"

መስመሩ ሊቋረጥ ነው አባባ አልኳቸው። መስመሩ ደህና ነበር።