ለወንድሜ መኪና የሳልሁት ግንባር

ወንድሜ ላንድሮቨሩን የገዛው አሮጌ ሆኖ፣ ሌሎች ተጠቅመው ከጣሉት በኋላ ነው። ሸራው ተተልትሏል፣ አንደኛው የፊት መብራት አይበራም። የፊት መከላከያው አንድ ጠፍጣፋ ብረት ሲሆን እሱም በግራ በኩል ወደ ውስጥ ታጥፏል። በዚህ መኪና ከፍኖተ ሰላም ማንኩሳ፣ ከማንኩሳ ቡሬ፣ ከዚያም አውቶቡስ ወደማይደፍረው ገጠር ሰውና እህል ይጭን ነበር። ስድሳዎቹ ዓመታት ሲጀምሩ ነው። በዚያ ወገን የክረምት ጭቃ የሚደፍር መኪና እንደ ልብ አይገኝም።

መከላከያውን ያጠፈችው አንዲት ጊደር ናት። ባለፈው ክረምት ከማንኩሳ ወዲህ ከቁጥቋጦ ዘላ ወጣችና ገጫት። ጊደሯ ሞተች፤ የመኪናው ራዲያተርም ተቀዶ ውሃው መንገድ ላይ ፈሰሰ። መኪናው ሲቆም ወንድሜም ቆመ። ራዲያተሩ ተበይዶ እስኪመጣ ድረስ የጊደሯ ባለቤት ቤት ሰነበተ። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ታረቁ፤ ሲመለስ የሰውየውን ልጅ ክርስትና ሊያነሳ ቃል ሰጥቶ ነበር። ይህን እየሳቀ ሲያወራልኝ እኔ የሰማሁት መኪናው ያለ ሥራ መቆሙን ብቻ ነው። ጆሮዬ የመረጠው ያንን ነበር። ያ መኪና ካልሄደ እኔም ትምህርት ቤት አልሄድም።

ትምህርት የጀመርሁት ዘግይቼ ነው። በልጅነቴ ተዳርሁ፣ ትዳሩ አልሆነልኝም፣ ወጣሁ። እናታችን ሌላ ባል ስታፈላልግልኝ ወንድሜ መጥቶ ወደ ከተማ ወሰደኝና ፊደል ካልቆጠሩ ሕፃናት ጎን አስቀመጠኝ። ጉልበቴ ከወንበሩ በላይ ይቆም ነበር። ሰዎች «ይቺን ሴትዮ ምን ልታደርጋት ነው?» ሲሉት፣ «ታነባለች፤ እኔ እነዳለሁ» ይላቸዋል። ክፍል እየዘለልሁ ሰባተኛ ስደርስ ደረቱን ነፍቶ ኮምፓስና ማስመሪያ ያለበት የቆርቆሮ ሳጥን ገዛልኝ። የሱ ሸሚዝ ክርኑ ላይ የተጣፈ መሆኑን እያየሁ ሳጥኑን ተቀበልሁ። በእሱ ቤት የበላሁት እንጀራ ሁሉ ሳይከነክነኝ ወርዶ አያውቅም።

ስለዚህ አንድ ቀን መኪናውን ግቢ አቁሞ፣ «እታለም፣ ያን ማስመሪያሽን አምጪና ለዚህ መኪና ግንባር ሥሪለት» ሲለኝ፣ ቀልዱን መሆኑን ባውቅም የምር ያዝሁት።

የምሠራው ከቱቦ ነበር። ጠፍጣፋ ብረት ሲመታ ይታጠፋል፤ ክብ ቱቦ ግን ምቱን ወደ ጎንና ወደ ጎን ያካፍላል። ይህን ከመጽሐፍ ነው ያገኘሁት። በባለ ካሬ ደብተር ላይ መኪናውን ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ ሳልሁት። አንድ ቱቦ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል፤ ጫፎቹ እሾህና ቁጥቋጦ እንዳይዙ ወደ ኋላ ይታጠፋሉ። ሁለተኛው እንደ ቀስት ጎብጦ ራዲያተሩንና መብራቶቹን ያቅፋል። ሁለቱን የሚያያይዙ ቋሚዎች አሉ፤ ሁሉም መኪናውን ከሥር ከሚሸከመው ብረት ከሻንሲው ጫፍ ጋር በብሎን ይታሰራል። ባትሪው ሲደክም በእጅ ማስነሻው ማኖቬላ የሚገባበትን ቀዳዳ ቱቦ እንዳይዘጋው ቋሚዎቹን ወደ ግራና ቀኝ ገፋሁ። ወንድሜ መኪናውን ላህ ወንዝ ዳር ወስዶ አፍንጫውን ወደ ቁልቁለቱ እንዲያዘቀዝቅ አደረግሁና፣ ታችኛው ቱቦ አፈር እንዳይቆፍር ምን ያህል ከፍ ማለት እንዳለበት በሸምበቆ ለካሁ። ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ በባዶ እግሬ ስለካ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ሥራቸውን ትተው ያዩኝ ነበር። ያላሰብሁት ነገር የለም ብዬ አመንሁ። ጭቃውን፣ እሾሁን፣ ድንጋዩን፣ ወንዙን ሁሉ አስቤአለሁ።

ቱቦው የውሃ ቧንቧ ነው፤ ቡሬ ከአንድ ነጋዴ ግቢ ተርፎ የተገኘ። ሲታጠፍ እንዳይጨፈለቅ ውስጡን በደረቅ አሸዋ ጠቀጠቅነው፣ ሁለቱን አፍ በእንጨት ደፈንነው፣ ከሰል ላይ በወናፍ አግለን በባሕር ዛፍ ጉቶ ላይ አጠፍነው። ልኩን መሬት ላይ በአመድ አስምሬ ነበር። ሥራውን የያዙልን የፍኖተ ሰላሙ በያጅ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበሩ። የቀኙ እጥፋት ከግራው በአንድ ጣት ዝቅ ማለቱን አይቼ እንደገና ይጋልልኝ ስላቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ወንድሜን አዩትና፣ «ይኼ ነገር ለመኪና ነው ወይስ ለቤተ መቅደስ?» አሉት። እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እንደገና አጋሉት።

ሲታሰር ከተማው ወጥቶ አየው። መኪናው ቀንድ አወጣ ተባለ፤ ሳምንት ሳይቆይ ስሙ «ኮርማው» ሆነ። ወንድሜ ተሳፋሪ በጠየቀው ቁጥር «እህቴ ናት የሠራችው፣ በደብተር ስላ» ይላል። ያኔ የነገርሁትን አንድ ቃልም ይጨምርበታል፤ ከእንግዲህ ምንም ብትገጭ ራዲያተርህን አይነካህም ብዬው ነበር። ሲደጋግመው የሱ ቃል እስኪመስል ድረስ ለመደው። አነዳዱም ተለወጠ። ኩርባ ላይ እንደ ድሮው ፍጥነት አይቀንስም፤ ከብት ሲያይ ጡሩንባውን ይነፋና ያልፋል። አየሁት፤ በሥራዬ መተማመኑ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ሰኔ ነው። የቡሬን ገበያ ጨርሰን፣ ከማንኩሳ ወደ ገጠር በሚያስገባው የጭቃ መንገድ ተሳፋሪ ልናደርስ እንሄዳለን። እኔ ከፊት ከወንድሜ ጎን ነኝ፤ ከኋላ ገበያተኞች ተጣበው ተቀምጠዋል። ከላይ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ከፊታችን የሚሞላ ወንዝ አለ፤ ሁሉም ቶሎ ቶሎ ይላል። አንድ ገበሬ ከእርሻ ሲመለስ ሞፈሩንና ቀንበሩን ተሸክሞ ሁለት በሬዎቹን እየነዳ ከፊታችን ይሄድ ነበር። ወንድሜ ጡሩንባ ነፋ። አንደኛው በሬ ወደ ዳር ወጣ። ሁለተኛው ደንግጦ መንገዱን በአግድም ያዘ።

ግጭቱ ከባድ ነበር፤ ግን መኪናው ተወዛወዘ እንጂ አልቆመም። በሬው ቦይ ውስጥ ወደቀ። ወንድሜ ትንሽ አለፍ ብሎ ፍሬን ያዘ፤ እግሩ ፍሬኑ ላይ ሆኖ እኔን አየኝ። እኔ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ አጎነበስሁ። ወደ ኋላ ወደ በሬው አልነበረም ያየሁት። ወደ ቱቦው ነበር። ከዳር እስከ ዳር እንዳሰመርሁት ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ብየዳው አንድ ቦታ እንኳ አልተሰነጠቀም። ልቤ ውስጥ የሞቀ ነገር ተሰማኝ፤ ደስታ ነበር፣ ሌላ ስም የለውም።

«አልጎበጠም» አልሁት።

ከኋላ አንዲት ነጋዴ ሴት «ሂድ ባክህ፣ ወንዙ ሊሞላ ነው» አለች። ወንድሜ እግሩን ከፍሬኑ አነሳ። ሄድን።

በማግስቱ ጧት መኪናውን ሲያጥብ ጎኑን፣ ጎማውን፣ ኋላውን ሁሉ አጥቦ ፊቱን ተወው። ፈተና ደርሶ ስለነበር ደብተሬን ይዤ ደጃፍ ተቀምጫለሁ፤ አንድ ገጽ አልዞረልኝም። ተነሥቼ ሄድሁ። ቋሚው ከቀስቱ ጋር በተበየደበት ቦታ ቀይ የበሬ ፀጉር ተጣብቋል። በጣቴ አነሳሁት። ከዚያ ወዲያ በልቤ የነበረውን አወጣሁት፤ ራዲያተሩ ፈስሶ ቢሆን ኖሮ እንደ ጊደሯ ጊዜ አሁን ገበሬው ቤት ነበርህ አልሁት።

ጨርቁን ጨመቀ። «እንዳያቆመኝ አድርገሽ የሠራሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። ሊያቆስለኝ ብሎ አልነበረም፤ ድምፁ ሲደክመው እንደሚናገረው ነበር።

«እኔ ነኝ። እንግዲያው አብሬህ እሄዳለሁ።»

የገበሬውን ቤት ማግኘት አልከበደንም፤ መንደሩ የሚያወራው ያንኑ ነው። በሬው የኋላ እግሩ ተሰብሮ አጥር ሥር ተኝቶ ነበር። ላዩ ላይ ቅጠል አልብሰውታል። በሌላ ጊዜ ቢሆን ይታረድና መንደሩ ሥጋውን ቅርጫ ገብቶ ተካፍሎ ለሌላ በሬ መነሻ ያደርግለት ነበር። ግን የሰኔ ጾም ነው፤ ሥጋ የሚቀምስ የለም። ዘር የሚዘራበት ወር ነው፤ አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ይህን ሁሉ ሳይነግሩኝ የማውቀው የገበሬ ልጅ ስለሆንሁ ነው። ትናንትም አውቀው ነበር።

ገበሬው ሸበት ያለ፣ ቀጭን ሰው ነበር። መኪናውን ሲያይ ፊቱ አልተቆጣም፤ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ጋቢውን አስተካክሎ ተቀበለን። ሚስቱ ጠላ ልትቀዳ ገባች። ሰላምታው ረጅም ነበር፣ እንዴት አደራችሁ፣ መንገዱ እንዴት ነው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በሽተኛችሁ እንዴት አደረ?» አለ።

ወንድሜ አልገባውም። ገበሬው፣ እንደዚያ በሩጫ ስታልፉ የታመመ ሰው ብትይዙ ነው ብዬ ለጎረቤቱም ተናገርሁ፣ ሰው በደህናው ቀን እንደዚያ አይሄድም አለ። ሌሊቱን ለዚያ በሽተኛ ሲያስብ እንዳደረ ከፊቱ ያስታውቃል። ወንድሜ አፉን ከፈተ። «እግዚአብሔር ይመስገን…» ብሎ ጀመረና ቀሪውን ዋጠው። ዝም ብል ያ ቃል ይበቃ ነበር። በሽተኛው ተሽሎታል ይባል ነበር፣ እኛም ደግ ሰዎች ሆነን እንመለስ ነበር።

«በሽተኛ አልነበረም፣ አባቴ» አልሁ። «ስናልፍ ሁላችንም ጤነኞች ነበርን።»

ሚስትየዋ ጠላውን ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ቆመች። ባሏን አየችው፣ ቅሉን እንደያዘች። ሰውየው «ስጫቸው» አላት። ሰጠችን። ጠጣን።

ወደ መኪናው ሄዶ ግንባሩን በመዳፉ ከዳር እስከ ዳር ዳበሰው። በያጁ እንደገና ያጋሉት እጥፋት ላይ ሲደርስ እጁ ዘገየ። ማን ሠራው ብሎ ጠየቀ። ይህን ጥያቄ ሁልጊዜ በጉጉት ይጠብቅ የነበረው ወንድሜ ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔ ነኝ አልሁ። ሰውየው ከእግር እስከ ራሴ አየኝ።

«ጠንካራ ነው» አለ። «በበሬው ቦታ እኔም ብሆን ኖሮ አይጎብጥም ነበር ማለት ነው።»

የትናንቱን ቃሌን አልሰማም፤ ከሩቅ ነበር። ግን እንደዚያው አለ።

ሽማግሌ ሲቀመጥ ወንድሜ ያሉትን ሁሉ ተቀበለ። ከእናታችን ቤት የእሱ ድርሻ የሆነውን በሬ ሊሰጥ ሆነ። እናቴ ጋ ሄደን ስንነግራት ወንድሜን አልተናገረችውም። ለኔ ብቻ፣ ገመዱን እያቀበለችኝ፣ «ተማሪዋ፣ ውሰጂው» አለችኝ። እሷም ባንድ በሬ ስለቀረች በዚያ ክረምት ከጎረቤት ጋር ተቀናጅታ፣ የሰው ተራ እየጠበቀች አዘገየች። እርሻዋን ስታዘገይ አይቼ አላውቅም ነበር።

በሬውን እኔ እየጎተትሁ በእግር ወሰድሁት። ወንድሜ ከኋላ በቀስታ በመኪናው ይከተለናል። በሬው እየደጋገመ ዞሮ ቱቦውን ያያል፣ ይቆማል፣ ገመዱን ይስባል። በመጨረሻ ወንድሜ ራቅ ብሎ እንዲቆምልን በእጄ ምልክት ሰጠሁት። ቆመ። በሬውና እኔ ብቻችንን ኩርባውን አለፍን።

መከላከያውን እንንቀለው ብዬው ነበር፤ ብረቱ ምን አደረገ ብሎ ተወው። ቀስ ብሎ መንዳት ግን እንደገና ለመደ። አንድ የገበያ ቀን ማንኩሳ ላይ አንድ ተሳፋሪ እንደ ወትሮው ግንባሩን እየነካ ማን ሠራልህ አለው። ከጎኑ ተቀምጫለሁ። ወንድሜ እኔን ሳያይ፣ «ፍኖተ ሰላም ያለ አንድ በያጅ» አለ።

ለኔ ብሎ ነው። የአንድ ጣት ስሕተት አላልፍም የምል ሰው፣ ያን ጊዜ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርሁ። አላረምሁትም።